ልጆችና የሜዳ አበቦች

የስብከቱ ንባብ፦ የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6፥ ከቁጥር 28 እስከ 30



ይህን ስብከት የምጽፍላችሁ በጅቡቲ ከተማ ካርቲየ 1 ከሚባለው ሰፈር ሆኜ ነው። ጌታችን በተራራው ላይ ባስተማረ ጊዜ ስለ ልብስ የሚጨነቁትን ሰዎች ወደ ሜዳ አበቦች መራቸው። ክር የማይፈትለው አበባ ከንጉሡ ከሰሎሞን ይልቅ ያማረ ልብስ እንዳለው አሳያቸው፤ ዛሬ ለምልሞ ነገ እሳት የሚበላውን ሣር እንዲህ የሚያለብስ አባት ልጆቹን ከቶ እንደማይረሳ ነገራቸው። እናንተ በደጋ የምትኖሩ ይህን ቃል ስትሰሙ ዓይናችሁን ወደ ደጃችሁ ብታነሡ ይበቃችኋል። መስከረም ሲጠባ አደይ አበባ ኮረብታውን ይሸፍነዋል፤ ማገጡ በመስኩ ላይ ይነጠፋል፤ ጦስኙ ከእግራችሁ በታች ይሸታል። እዚህ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

በጅቡቲ ከተማ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ በአማካይ 200 ሚሊ ሜትር አይሞላም። በአዲስ አበባ ከ1000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። በበጋቸው ወራት፥ ከሰኔ ጀምሮ፥ ኻምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ ከምድረ በዳው አቧራ ይዞ ይመጣል፤ ሙቀቱም ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በካርቲየ 1 ቤቶቹ የተጠጋጉ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው መሬት የተረገጠ አፈርና ድንጋይ ነው። ከዚህ ሰፈር ከተወለዱት ኢትዮጵያውያን ልጆች ብዙዎቹ ሜዳ የሚባል ነገር በዓይናቸው አላዩም።

ይህን ያወቅሁት በአፍረት ነው። አንድ ቀን ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆች ይህንኑ የማቴዎስን ንባብ አስተምሬ፥ ሁሉም ቃሉን በቃላቸው አጥንተው በደንብ ካነበነቡልኝ በኋላ፥ አንድ የስምንት ዓመት ልጅ እጁን አወጣና፥ «ጋሼ፥ ሜዳ ማለት ኳስ የሚጫወቱበት ነው አይደለም? ታዲያ አበባው ከየት መጣ?» አለኝ። የእግር ኳስ ሜዳ ያውቃል፤ አበባም በሱቅ መስኮት የላስቲክ አበባ አይቷል። ሁለቱ በአንድነት እንዴት እንደሚገኙ ግን ሊገባው አልቻለም። እኔም ለብዙ ጊዜ ቃሉን በጆሮአቸው ሳፈስስ እንደ ነበርሁ፥ ነገር ግን ጌታ «ተመልከቱ» ብሎ ያዘዘውን ነገር አንድ ቀን እንኳ እንዳላሳየኋቸው ተረዳሁ።

ወንድሞች ሆይ፥ ይህ «ተመልከቱ» የሚለው ትእዛዝ ቀላል አይደለም። በግሪኩ ንባብ የተጻፈው ቃል በዓይን ገረፍ አድርጎ ማለፍን አያመለክትም። ደቀ መዝሙር ከሚለው ቃል ጋር ከአንድ ሥር የወጣ ሲሆን፥ በሚገባ መርምሮ መማርን ያስገነዝባል። እንግዲህ ጌታችን የሜዳውን አበባ አስተማሪ አድርጎ ሾሞታል፤ እኛንም በአበባው ፊት ተማሪዎች አድርጎ አስቀምጦናል።

አባቶቻችን በወንጌል ይህን አልዘነጉትም። ማርቲን ሉተር በ1524 (በዚህ ስብከት የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለጀርመን ከተሞች ሹማምንት ጽፎ ለልጆች ትምህርት ቤት እንዲከፍቱ ለመናቸው። በ1529 ትንሹን ካቴኪዝም ያዘጋጀው የቤት አባት ለልጆቹና ለቤተ ሰቡ እንዲያስተምርበት ነው። በዚያም መጽሐፍ የሃይማኖታችንን የመጀመሪያ አንቀጽ ሲተረጕም፥ ፈጣሪ ሥጋንና ነፍስን፥ ልብስንና ምግብን የሚሰጠን ስለ እኛ ብቃት ሳይሆን ከአባትነት ቸርነቱ ብቻ መሆኑን ያስተምራል።

ከዚህ ትምህርት በኋላ በሉተራውያን ቄሶች ቤት ካደጉት ልጆች ሁለቱን ላስታውሳችሁ። ካርል ሊኔ በ1707 በስዊድን አገር ከአንድ ቄስ ተወለደ። አባቱ አትክልት ወዳድ ነበረና ለልጁ ገና በሕፃንነቱ የራሱ የሆነ ትንሽ መደብ ሰጠው። ያ ልጅ አድጎ በኡፕሳላ መምህር ሆነ፤ በ1753 ባሳተመው መጽሐፍም የዓለምን ዕፀዋት በየወገናቸው ስም ሰጣቸው። አደይ አበባችን የሚቈጠርበትን ወገን «ቢደንስ» ብሎ የሰየመው እርሱ ነው፤ ትርጓሜውም ሁለት ጥርስ ያለው ማለት ነው። ሁለተኛው ፍሪድሪኽ ፍሬብል ነው። እርሱም በ1782 በጀርመን አገር የቄስ ልጅ ሆኖ ተወለደ። ለሕፃናት ያቆመውን ቤት በ1840 «የልጆች አትክልት ቦታ» ብሎ ሰየመው፤ ለእያንዳንዱም ልጅ የየራሱ መደብ እንዲኖረው አደረገ። ዛሬ በዓለም ሁሉ ሕፃናት የሚውሉበት ቤት ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው።

የሊኔ ዘር በአገራችንም ፍሬ አፍርቷል። የአዲስ አበባና የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከ1980 ጀምረው የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፀዋት በስምንት ቅጾች መዝግበው በ2009 ፈጸሙ። ወደ 6000 የሚጠጉ ዕፀዋት በዚያ ይገኛሉ። ኢትዮጵያዊው ሊቅ መስፍን ታደሰም ስለ አደይ አበባ ወገን ያጠናውን በ1984 በኡፕሳላ አሳትሟል። አንድ አባት ለሕፃን ልጁ የሰጠው መደብ እስከዚህ ደረሰ። ስለዚህ ትንሽ መሬት ለልጅ መስጠትን ማንም አይናቅ።

እኔም ይህን አስቤ ለልጆቹ በምንሰበሰብባት ቤት ግቢ ውስጥ አራት እርምጃ በሦስት እርምጃ የሆነ መሬት አስለቀቅሁ። አንዲት እናት ወደ ደሴ ዘመዶቿን ልትጠይቅ ሄዳ ነበርና፥ ስትመለስ ባለፈው ኅዳር የተለቀመ የአደይ አበባ ዘር በጨርቅ ቋጥራ አመጣችልን። ከድሬ ዳዋ በ2018 መንገደኛ ማመላለስ በጀመረው ባቡር ተሳፍራ፥ ናጋድ ከሚባለው ጣቢያ ወርዳ፥ ቋጠሮውን በቀጥታ በልጆቹ እጅ አስቀመጠችው። ልጆቹ ድንጋዩን ለቀሙ፤ አፈሩን ቧጨሩ፤ ዘሩን በትነው በባዶ እግራቸው ረገጡት። በየማታውም ውኃ አጠጡት። ይህች ከተማ ከ2017 ጀምሮ ከኢትዮጵያ፥ ከሀደጋላ ጉድጓዶች፥ በቧንቧ የሚመጣ ውኃ ታገኛለች። ዘሩ ከወላጆቻቸው አገር፥ ውኃውም ከወላጆቻቸው አገር ነው ብዬ ደስ አለኝ።

በስድስተኛው ቀን በቀለ። ልጆቹ ተንበርክከው ቈጠሩት። ቁመቱ አንድ ጣት ያህል ከሆነ በኋላ ግን ይደርቅ ጀመር። አደይ የደጋ ልጅ ነው፤ ብርዱንና ጭጋጉን ይፈልጋል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከመቶ ያላነሰው ቡቃያ አለቀ።

አሁን የምነግራችሁ ስለ ራሴ ኃጢአት ነው። ልጆቹ እንዳያዝኑ፥ እውነቱን ለመናገር ግን እኔ በወላጆቻቸው ፊት እንዳላፍር፥ ቅዳሜ ማታ በላስቲክ ከረጢት የበቀሉ ያበቡ ተክሎችን ከሻጭ ገዛሁና በጨለማ ተከልኋቸው። በማግሥቱ እሑድ ልጆቹ ሲያዩ እልል አሉ። አንዲት የዐሥር ዓመት ልጅ ብቻ ዝም ብላ ጐንበስ አለች፤ አፈሩን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችና፥ «ጋሼ፥ ይህ አፈር ጥቁር ነው፤ የእኛ ቀይ ነው። ይህ እኛ የዘራነው ነው ወይስ የተገዛ?» ብላ ጠየቀችኝ።

በዚያች ሰዓት ሕጉ ደረሰብኝ። ስለማይፈትለው አበባ ላስተምር መጥቼ፥ እኔ ራሴ ሌሊቱን ሙሉ ስፈትል አድሬአለሁና። እግዚአብሔር ያላለበሰውን መሬት የእኔን ክብር ላለብሰው ሞክሬአለሁ። ብዙ ጊዜ በቤተ ክርስቲያንም የምናደርገው ይህንኑ አይደለምን? በልብ ውስጥ ያልበቀለውን እምነት በውጭ እንተክለዋለን። ልጆቻችን ጸሎቱን በደንብ ቢደግሙ፥ መዝሙሩን አሳምረው ቢዘምሩ፥ እንግዳ ሲመጣ ቢያስመሰግኑን ይበቃናል። ሥር ይኑረው አይኑረው አንመረምርም። ልጅ ግን አፈሩን ይነካል፤ ቀለሙ የተለየ መሆኑንም ያውቃል።

በልጆቹ ፊት ቆሜ፥ «የተገዛ ነው፤ አታለልኋችሁ፤ ይቅር በሉኝ» አልሁ። ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም ያቺ ልጅ፥ «ታዲያ እንደ ገና እንሞክር» አለች። ከሕፃን አፍ የተሰማው የኃጢአት ስርየት ይህ ነበረ።

ነገር ግን ከወላጆቹ ወገን ከባድ ጥያቄ ቀረበልኝ። ዘሩን ከደሴ ያመጣችው እናት በዚያው ቀን ሁሉም ከሄዱ በኋላ ቀርታ፥ «መምህር፥ እርስዎ ስለ አበባ ያስተምራሉ። እኔ በሰው ቤት ልብስ አጥቤ የምኖር ነኝ። የበኵር ልጄ በኦቦክ በኩል ወደ የመን ለመሻገር ከሄደ ሰባት ወር ሆነው፤ ድምፁን አልሰማሁም። ለእኔ አትጨነቂ ማለት ይቀልዎታልን?» አለችኝ።

ኦቦክ ከዚህች ከተማ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ማዶ ያለች ወደብ ናት። ከዚያ ጠረፍ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ወደ የመንና ወደ ሳውዲ ዓረብ ለመሻገር በጀልባ ይሳፈራሉ። በሚያዝያ ወር 2024 በሁለት ሳምንት ያህል ልዩነት ሁለት ጀልባዎች በጅቡቲ ጠረፍ ሰጥመው ብዙ ኢትዮጵያውያን አልቀዋል። እንግዲህ ያች እናት የጠየቀችው በሞትና በሕይወት መካከል ያለውን ጥያቄ ነው። መልስ አልነበረኝም። «አይቀለኝም» ብቻ አልኋት። አብረንም ጸለይን።

ከዚያ በኋላ ንባቡን ደግሜ ደጋግሜ አነበብሁት። ሦስት ነገርም አስተማረኝ።

አንደኛ፤ ጌታችን ይህን ቃል የተናገረው ጎተራቸው ለሞላላቸው ሰዎች አልነበረም። የነገ እንጀራቸውን ለማያውቁ፥ አንድ ልብስ ብቻ ላላቸው፥ በባዕድ ነገሥታት ለሚገዙ ሰዎች ነው። ራሱም ራሱን የሚያስጠጋበት ስፍራ አልነበረውም፤ በመጨረሻም ልብሱን ወታደሮች ተካፍለውታል። ስለዚህ «አትጨነቁ» የሚለን ጭንቀትን የማያውቅ ጌታ አይደለም። በጌቴሴማኒ ላቡ እንደ ደም የወረደው እርሱ ነው። የደሴዋን እናት ጭንቀት ከውጭ ሆኖ አይገሥጸውም፤ ከውስጥ ገብቶ ይሸከመዋል።

ሁለተኛ፤ ጌታ የመረጠው ምሳሌ የማይጠወልገውን ዝግባ አይደለም፤ ነገ ወደ እቶን የሚጣለውን ሣር ነው። ነቢዩ ኢሳይያስም ሰውን ሁሉ ከሣር ጋር አስተካክሎ፥ የሚጸናው ግን የአምላካችን ቃል ብቻ መሆኑን ሰብኳል። እንግዲህ ወንጌሉ ሣሩ አይደርቅም አይለንም። የሚደርቀውን ሣር ዛሬ የሚያለብስ አባት አለ ይለናል። ይህ አባት ለአንድ ቀን ዕድሜ እንኳ ክብር ካልነፈገ፥ በልጁ ደም የገዛቸውን፥ በጥምቀት ክርስቶስን ያለበሳቸውን እንዴት ይጥላቸዋል?

ሦስተኛ፤ እግዚአብሔር ሰውን የሚያለብሰው ብዙ ጊዜ በጎረቤት እጅ ነው። አበባው አይፈትልም፤ እኛ ግን ለእርስ በርሳችን እንድንፈትል ተጠርተናል። ስለ ራሳችን ከመጨነቅ ነጻ ያወጣን ለወንድማችን እንድንጨነቅ ነው። በዚያ ሳምንት ማኅበራችን ለዚያች እናት የልጇን ዜና ለማፈላለግ ወደ ሚመለከታቸው ሰዎች ሁሉ ሄደ፤ የቤት ኪራይዋንም ተካፈለ። ይህን ሳናደርግ ስለ አበባ ብንሰብክላት ስብከታችን ከላስቲክ አበባ ባልተሻለ ነበር።

አሁን ወደ መደቡ ልመልሳችሁ። የገዛኋቸውን ተክሎች ነቅለን ለጎረቤቶች ሰጠን፤ መሬቱም ባዶውን ቀረ። በኅዳር መጨረሻ ላይ አንድ ሌሊት ዝናብ ዘነበ። ልጆቹ ምንም አልዘሩም ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን በዚያው ቀይ አፈር ላይ ማንም ያልዘራው ነገር ብቅ አለ። በምድር ላይ የሚሳብ፥ ቅጠሉ ደቃቅ፥ አበባው ቢጫ፥ ፍሬው ሲደርቅ የባዶ እግር የሚወጋ እሾህ የሚሆን ተክል ነው። አትክልተኛ ቢያየው አረም ብሎ ይነቅለዋል። ዘሩ ግን በደረቁ አፈር ውስጥ ተኝቶ ዝናብን ሲጠብቅ ኖሯል። በምድረ በዳ ያሉ ብዙ ዕፀዋት እንዲህ ናቸው። ልባሳቸው ጠንካራ ነውና በቂ ውኃ እስኪያገኙ ድረስ ለዓመታት ይጠብቃሉ፤ ዝናብ በመጣ ጊዜ ፈጥነው በቅለው፥ አብበው፥ ዘራቸውን ጥለው ያልፋሉ።

ልጆቹ ስሙን ጠየቁኝ። ሊቃውንት «ትሪቡሉስ» ከሚሉት ወገን ነው። ይህን ስም ሳይ ደነገጥሁ። አዳም በወደቀ ጊዜ ምድር ታበቅለዋለች የተባለው አሜከላ በግሪኩ የኦሪት ትርጕም በዚሁ ስም ይጠራልና። እንግዲህ በመደባችን የበቀለው የእርግማኑ ምልክት ነው። ነገር ግን ተመልከቱ! የእርግማኑ አሜከላ እንኳ የቢጫ ልብስ ለብሷል። እግዚአብሔር በፈረደባት ምድር ላይ ቸርነቱን አልከለከለም። በጊዜውም አንድያ ልጁ ያንኑ እሾህ በራሱ ላይ አክሊል አድርጎ ተሸከመው። ሕጉና ወንጌሉ በአንዲት የግቢ አረም ላይ ተጽፈው አነበብናቸው።

ያቺ የዐሥር ዓመት ልጅ ዐሥራ አንድ አበቦች ቈጠረች፤ በደብተሯም ሣለቻቸው። የደሴዋ እናት መጥታ ለረጅም ጊዜ ቆማ አየች። ጭንቀቷ አልፏል አላለችም፤ የልጇም ድምፅ እስካሁን አልተሰማም። «ነገ ይደርቃል፤ ዛሬ ግን ለብሷል» አለችና ሄደች። በስምንተኛው ቀን ደረቀ። ዘሩ ግን ከአፈሩ ገብቷል።

የተወደዳችሁ የደጋ ምእመናን ሆይ፥ ይህን ሁሉ የጻፍሁላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው። እኛ በብዙ ድካም የምንፈልገው በእናንተ ደጅ አለ፤ ነገር ግን እየጠበበ ነው። ሜዳው ይታረሳል፤ ባሕር ዛፍ ይተከልበታል፤ አደይም ዘሩን ሳይጥል ለእንቁጣጣሽ እየተነቀለ ይሸጣል። አደይ በየዓመቱ ከዘሩ የሚበቅል ነው፤ ሳያፈራ ከተነቀለ ለሚቀጥለው መስከረም የሚተርፍ የለውም። ልጃገረዶች አበባየሆሽ ሲሉ የሚይዙትን እቅፍ አልከለክልም፤ እኔም በልጅነቴ ወድጄዋለሁ። ከዐሥሩ ዘጠኙን ለሜዳው ትተው አንዱን እንዲቀጥፉ ግን አስተምሯቸው።

በቤተ ክርስቲያናችሁ ግቢ ወይም በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችሁ ጥግ ትንሽ መሬት ለልጆች ልቀቁላቸው። ከሁሉ የደኸየውን መሬት ምረጡ። ይህ የሚያስደንቅ ነው፤ የሜዳ አበባ ፍግ አይወድድም። መሬቱ ከሰባ ሣሩ ፈጥኖ ይረዝምና አበባውን ያፍነዋል፤ በደኸየው መሬት ግን አበቦች ቦታ ያገኛሉ። በመንፈስ ድሆች የሆኑት ብፁዓን መባላቸውን ለልጆች ስታስተምሩ ይህን አሳዩአቸው።

ዘሩን በጥቅምትና በኅዳር፥ ራሱ ደርቆ ሲጠቁር፥ ከልጆቹ ጋር ልቀሙ፤ ሁሉን ግን አትልቀሙ። በጨርቅ ቋጥራችሁ ከእርጥበት ጠብቁት። ክረምቱ ሲገባ፥ በሰኔ፥ መሬቱን ከሣሩ አጽድታችሁ በትኑት። ጠልቆ አይቀበር፤ የልጆቹ እግር ቢረግጠው ይበቃል። የማገጥና የጦስኝ ዘርም ቢገኝ ጨምሩበት። ፍየልና በግ እንዳይገቡ እሾህ እጠሩለት። አበባው አልፎ ዘሩ ከረገፈ በኋላ፥ በታኅሣሥ፥ በማጭድ አጭዳችሁ ሣሩን ከዚያ አውጡት፤ በዚያው ቢበሰብስ መሬቱን ያሰባዋልና።

ልጆቹም ደብተር ይያዙ። አራት ባለ አንድ ሜትር በትሮች ገጥመው በአራት ማዕዘን መሬት ላይ አኑረው፥ በውስጡ ስንት ዓይነት እንደ በቀለ ይቍጠሩ። የመጀመሪያው አበባ የፈነዳበትን ቀን ይጻፉ። ንብ ስትመጣ ከየትኛው ወደ የትኛው እንደምትሄድ ይመልከቱ፤ በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው ማር ብዙው ከአደይና ከኑግ ወገን የተገኘ መሆኑን ይማሩ። አንዱን አደይ ፈልቅቀው ያስተውሉ። አንድ አበባ የሚመስለው ብዙ አበቦች በአንድነት የተሰበሰቡበት ነው። በዙሪያው ያሉት ብሩህ ቢጫዎች ንብ ይጠራሉ እንጂ በአብዛኛው ዘር አይሰጡም፤ ዘር የሚሰጡት በመካከል ያሉት የማይታዩት ደቃቆች ናቸው። በማኅበራችንም እንዲሁ ነው። ሰባኪው በዙሪያው ቆሞ ይጣራል፤ ፍሬው ግን ብዙ ጊዜ ማንም ስሟን በማያውቃት በአንዲት ጸላይ እናት ይገኛል።

ይህ ለሀገራችን እንግዳ ትምህርት አይደለም። በመንዝ የጓሳን ሜዳ አስቡ። ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ያን የሣር ምድር አባቶች ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቀሮ በሚሉት ሥርዓት ጠብቀውታል። በሕዝቡ የተመረጠ ሹም ሜዳውን ለዓመታት ይዘጋው ነበር፤ በዚያም ጊዜ ማንም ሣር አያጭድም፥ ከብት አያሰማራም። ሲከፈት ሁሉም በሥርዓት ይካፈላል። በ1975 የመሬት ዐዋጅ በመጣ ጊዜ ሥርዓቱ ቢናጋም፥ ሕዝቡ መልሶ በአዲስ መልክ ይዞታል። አባቶች ያልበሉትን ሣር ለልጆቻቸው አኖሩ። መታገሥን የሚያውቅ ሕዝብ ሜዳ ይኖረዋል።

አደራ፥ ልጆቹ የዘሩት ባይበቅል በሌሊት ገዝታችሁ አትትከሉ። ባዶውን መሬት አብራችሁት ቁሙ። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ጌታ የነገረን ዘሪ ይተኛል፥ ይነሣል፤ ዘሩም እንዴት እንደሚያድግ አያውቅም። ጳውሎስና አጵሎስም ተከሉ፥ አጠጡ እንጂ አላሳደጉም። የእኛ ድርሻ ድንጋይ መልቀምና እውነቱን መናገር ነው፤ የማልበሱ ሥራ የአባታችን ነው። ልጆቻችን ይህን ከእኛ ከተማሩ፥ ወደ የትኛውም ባሕር ማዶ ቢበተኑ፥ በልባቸው ውስጥ ዝናብን የሚጠብቅ ዘር ይኖራል።

እንጸልይ።

የሰማይና የምድር ፈጣሪ የሆንህ አባታችን ሆይ፤ የሜዳውን ሣር ስለምታለብሰው እናመሰግንሃለን። በዓይናችን ፊት ያኖርኸውን ሳንማር ስላለፍን፥ በልጆችህ ፊትም በሐሰት ስላበብን ይቅር በለን። በባሕር ማዶ የጠፉትን ልጆች አንተ ታውቃቸዋለህ፤ በሕይወት ያሉትን ጠብቃቸው፤ የሚጠብቋቸውን እናቶች አጽናቸው። ማኅበርህን ለተራቈተው የሚፈትሉ እጆች አድርጋት። ለሕፃናቶቻችን መሬትንና ጊዜን፥ ለእኛም ትዕግሥትን ስጠን። የእሾህ አክሊል በተሸከመልን በልጅህ በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፤ አሜን።